ዴቨሎፐሮችን በአሠራር ቀረፃ ማሳተፍ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች

እነዚህ ሶፍትዌር ለማሠራት የሚያስቡ ኃላፊዎችና ሥራው ላይ ያሉ ዴቨሎፐሮች (ሶፍትዌር የሚሠሩ ባለሙያዎች) ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ዴቨሎፐር ሥራው ኮድ መጻፍ አይደለም እንዴ? የድርጅቱ አሠራር ምን አገባው?

ያገባዋል። ኮድ ሲጻፍ አሠራር እየተወሰነ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ግምጃ ቤት ዕቃ ገባ። አቅራቢው 100 ነው ብሎ ልኳል፤ ሲቆጠር 96 ሆነ። ሞዴል 19፣ ማለትም የዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ ሊቆረጥ ነው። ሲስተሙ አሁን ምን ያድርግ? 96ቱን ተቀብሎ 4ቱን ይጠብቅ? ጭራሽ አልቀበልም ይበል? ለግዥ ክፍል ያሳውቅ ወይስ ለፋይናንስ? በወረቀት ጊዜ ንብረት ክፍሉ ገጹ ዳር ላይ ማስታወሻ ጽፎ ያልፈው ነበር። ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ዓይነት ዳር የለም። ዴቨሎፐሩ አንዱን መንገድ መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

ማንም ካልነገረው ብቻውን ይመርጣል። ስለ ንብረት አስተዳደር የሚያውቀው ጥቂት ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ የመረጠው መንገድ ለዓመታት የድርጅቱ ደንብ ሆኖ ይቀመጣል። ዴቨሎፐሩ አሠራራችሁን መቅረፁ እንደሆነ አይቀርም። በር ዘግቶ ብቻውን ከሚቀርፀው አብሯችሁ ተቀምጦ ቢቀርፀው በብዙ ይሻላል።

«የሥራ ሂደት» የሚባለው በትክክል ምኑ ነው?

አንድ ጉዳይ በበር ገብቶ እስኪያልቅ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ማን ይቀበላል፣ ማን ያያል፣ ማን ይፈርማል፣ ማህተሙ የት ይመታል፣ ስህተት ቢገኝ ወደ ማን ይመለሳል። ሆስፒታል ውስጥ ከካርድ ክፍል እስከ መድኃኒት ቤት ያለው ነው። ፋብሪካ ውስጥ ጨርቁ ከመጋዘን ወጥቶ ልብስ ሆኖ እስኪታሸግ ያለው ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር የዚህን ግማሽ ብቻ ያሳያል። ቀሪው ግማሽ ያለው በሠራተኛው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ካይዘን አለን፣ ቢፒአርም (መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ) ሠርተናል። ይኼ በምን ይለያል?

ጠላታቸው አይደለም፤ የጎደላቸውን ይሞላል። ካይዘን ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል ዘዴ ነው፤ ከጃፓን ፋብሪካዎች የመጣ ነው። በአገራችንም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሞ ብዙ ድርጅት ውስጥ ገብቷል። ትልቁ ትምህርቱ ችግሩን የሚያውቀው ሥራው ላይ የቆመው ሰው ነው የሚለው ነው። እሱን አትጣሉት።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ የአሠራር ጥናቱ ያልቃል፣ ሰነዱ ይጠረዛል፣ ይፀድቃል። ከዚያ በኋላ «በሉ ይኼን በኮምፒውተር አድርጉልን» ተብሎ ለአይቲ ይላካል። ያኔ ዴቨሎፐሩ «ይኼ ደረጃ ለምን አስፈለገ?» ብሎ ቢጠይቅ የፀደቀ ሰነድ ነው ይባላል። ለወረቀት የተፈጠረ ደረጃ እንዳለ ወደ ስክሪን ይዛወራል። ሦስት ቅጂ ይሞላ የነበረ ቅጽ በሦስት ስክሪን ይሞላል። መፍትሔው ቀላል ነው። የካይዘን ልማት ቡድኑ ሲቋቋም አንድ ዴቨሎፐር ከመጀመሪያው ቀን አባል ይሁን።

መቼ እናስገባው?

ችግሩ ገና ችግር ተብሎ ሲጠራ። «ካርድ ለማውጣት ሰልፉ ረዘመ» ስትሉ ጥሩት። «አፕ ይሠራልን» እስክትሉ አትጠብቁ። አንዳንዴ መልሱ ሶፍትዌር ላይሆን ይችላል። አንድ መስኮት መጨመር ወይም አንድ ፊርማ መቀነስ ሊበቃ ይችላል። ጥሩ ዴቨሎፐር ይኼን ሊነግራችሁ ይደፍራል።

ዴቨሎፐሩ ሌላው ሰው የማያየውን ምን ያያል?

«ካልሆነስ?» የሚለውን። ኃላፊ አሠራሩን ሲያስረዳ ሁሉም ነገር በሰላም የሚሄድበትን ቀን ነው የሚያስረዳው። ዴቨሎፐር ደግሞ ያልተለመደውን ቀን መጠየቅ ልማዱ ነው። የእኛን አካባቢ ሦስት ምሳሌዎች ላንሳ፤ እነዚህ ላይ ብዙ ሲስተም ሲወድቅ ይታያል።

መጀመሪያ ስም። ወሎ ውስጥ ሰይድ ሙሐመድ የሚባል ሰው ስንት ነው? የአያት ስም ካልተጨመረ መለየት አይቻልም። ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ሰይድ ይላል፣ ሌላው ሠይድ። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድ። እንድሪስ፣ ኢድሪስ። ፀሐይ፣ ጸሀይ። ለሰው ዓይን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ሌላ ስም ነው። ስለዚህ ታካሚዋ ባለፈው ዓመት የወጣላት ካርድ ይታጣል፣ አዲስ ይወጣላታል፣ የቀድሞ የሕክምና ታሪኳ ከዓይን ይሰወራል። ይኼ የካርድ ክፍሏ ጥፋት አይደለም። ዴቨሎፐሩ ፍለጋው ሐ እና ሀን፣ ሠ እና ሰን፣ ፀ እና ጸን አንድ አድርጎ እንዲያይ መሥራት ይችላል። ግን ያ ብቻ አይበቃም። «ከአዲስ ካርድ በፊት በስልክ ቁጥርም ፈልጊ፣ የአያት ስምና ቀበሌም ጠይቂ» የሚል ደንብ ያስፈልጋል። ይኼ ደንብ አሠራር ነው። ሁለቱ አብረው ካልተወሰኑ አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም።

ሁለተኛ ሰዓትና ቀን። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ለውጭ ገበያ የሚሰፋ ፋብሪካ አለ እንበል። የደንበኛው ትዕዛዝ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚመጣው። ደሞዙ በኢትዮጵያ ወር ነው የሚሠራው። ጳጉሜን ደግሞ በየአራት ዓመቱ 6 ቀን ትሆናለች። የጳጉሜን የትርፍ ሰዓት በየትኛው ወር ይታሰብ? የነሐሴ ላይ ይደመር ወይስ የመስከረም? የአሻራ ማሽኑ 22:00 ብሎ ይመዘግባል፤ ሱፐርቫይዘሩ 4 ሰዓት ብሎ ይጽፋል። የጠዋቱ 4 ነው የማታው? ልዩነቱ የሰው ገንዘብ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሲሆን በ1.75። በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5።

አሁን ሦስተኛውን እዩ፤ ከሁሉም እሱ ይከብዳል። ነገ ዒድ ሊሆን ይችላል። ጨረቃ ካልታየች ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። የሚታወቀው ማታ ነው። የሌሊት ፈረቃው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገብቷል። ማሽኑ እኩለ ሌሊት ላይ ቀን ይቀይራል፤ ሰው ግን ሌሊቱን በገባበት ቀን ነው የሚቆጥረው። የበዓል ክፍያው ከስንት ሰዓት ይጀምር? «ነገ በዓል ነው» ብሎ ማታውኑ ሲስተሙ ላይ የሚያስገባው ማን ነው? ያ ሰው እቤቱ ቢሆንስ? ይኼን ዴቨሎፐር ብቻውን መመለስ አይችልም። የሰው ኃይል ኃላፊዋም ብቻዋን አታስበውም። ጥያቄው የሚወለደው ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ነው።

ድርጅታችን ትንሽ ነው፣ የራሳችን ዴቨሎፐር የለንም። ከአዲስ አበባ ነው የምናሠራው።

አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በስልክና በቴሌግራም ብቻ የተሠራ ሲስተም ደሴ ሲደርስ እንግዳ ይሆናል። ውሉ ላይ አንድ ነገር አስገቡ፦ ኮድ ከመጻፉ በፊት ዴቨሎፐሩ መጥቶ ቢያንስ አንድ የሥራ ሳምንት እናንተ ጋ ይቀመጥ። አልጋና ትራንስፖርት ያወጣል፤ በኋላ «ይኼ እንዲህ አልነበረም» እየተባለ ከሚባክነው ግን ያንሳል። ሳምንቱ ሰኞን ይያዝ። የሰኞ ገበያ ቀን የከተማው እንቅስቃሴ ምን እንደሚመስል በዓይኑ ይይ። ዓርብንም ይያዝ። ከ5:30 እስከ 7:30 መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ከዚያ በፊትና በኋላ ሰልፉ እንዴት እንደሚሆን ይመልከት።

ሌላም አማራጭ አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ካምፓስ አለው፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ነው። ከዚያ የሚወጡ ልጆች አካባቢውን ያውቁታል። ለመመረቂያ ፕሮጀክት እውነተኛ ችግር ይፈልጋሉ። ግን በነፃ ሲስተም አሠርታችሁ ልትለያዩ ከሆነ ይቅርባችሁ። ያለ ደሞዝ የተሠራ ሲስተም ከምረቃ በኋላ ጠጋኝ አያገኝም። ልጆቹ ጥናቱን ይሥሩ፤ ጎበዝ ሆኖ ያገኛችሁትን ቅጠሩት።

ዴቨሎፐሩ ከምን ይጀምር? ኃላፊዎችን ቃለ መጠይቅ ቢያደርግ አይበቃም?

አይበቃም። ኃላፊ የሚናገረው መሆን ያለበትን ነው። አንድ ወረቀት ይከተል። አንድ የዕቃ መጠየቂያ ከተጻፈበት ዴስክ ጀምሮ፣ በሞዴል 20፣ በኃላፊ ፊርማ፣ በግምጃ ቤት፣ በሞዴል 22 ወጪ እስኪሆን ድረስ አብሮት ይሂድ። የት ስንት ሰዓት ቆመ? ማን ጋ ተኛ? ለምን? ብዙ ጊዜ የሚገርም ነገር ይገኛል። ወረቀቱ ከሁለት ቀን ውስጥ የተሠራበት ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ቀሪው ሁሉ ጥበቃ ነው።

ከዚያ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ካርድ ክፍል ጥግ ላይ፣ ወይም ከግምጃ ቤት ኃላፊው አጠገብ። በየመሳቢያው ውስጥ ያለችውን የግል ደብተር ይጠይቅ። ልምድ ያለው ሠራተኛ ሁሉ አንድ አለችው። ማን ምን እንደተበደረ፣ የትኛው ዕቃ ተለዋጭ እንዳለው፣ የማን ቤተሰብ ዱቤ እንደሚከፍል እዚያ ነው የተጻፈው። ሲስተሙ የዚያችን ደብተር ሥራ ካልሠራ፣ ደብተሯ አትጠፋም። ሠራተኛው ሁለቱንም ሲሞላ ይኖራል።

ሆስፒታል ላይ ከሆነ ግን ጥንቃቄ አለ። የታካሚ ምስጢር የታካሚው ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ዴቨሎፐሩ ከመቀመጡ በፊት የምስጢር ግዴታ ይፈርም፤ ለሙከራም እውነተኛ የታካሚ መረጃ ወደ ላፕቶፑ አይገልብጥ።

ዋና ቢሮው ደሴ፣ መጋዘኑ ኮምቦልቻ ነው። ልዩ ነገር አለው?

አለው። ሜልቪን ኮንዌይ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ሐሳብ አሳተመ። አንድ ድርጅት የሚሠራው ሲስተም የራሱን የመግባቢያ መስመር ይመስላል አለ። ሁለት ክፍሎች የማይነጋገሩ ከሆነ ሲስተማቸውም አይነጋገርም።

እዚህ ይኼ በየቀኑ ይታያል። ሁለቱ ከተሞች መሀል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደሴ ብርድ፣ ኮምቦልቻ ሙቀት። ደሴ ያለው ፋይናንስ ለዕቃው አንድ መለያ ቁጥር ይሰጣል። ኮምቦልቻ ያለው መጋዘን ሌላ ስም አለው። ዴቨሎፐሩ ደሴ ብቻ ተቀምጦ ከሠራ ሲስተሙ የፋይናንስን አፍ ብቻ ይናገራል፤ መጋዘኑ የራሱን ኤክሴል ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ ወደ ኮምቦልቻ ይውረድ። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱን ክፍሎች አገናኙና አንድ የዕቃ ዝርዝር ይስማሙ። ይኼ ስምምነት ከኮዱ ይቀድማል፤ ካልቀደመ ዴቨሎፐሩ የሁለት ቢሮ ኩርፊያ በኮድ ሊያስታርቅ ይገደዳል።

መብራትና ኔትወርክ እየጠፋ በሲስተም መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ የመጥፋቱ ነገር የአሠራሩ አካል ሆኖ ከታሰበ። ከደላንታ ወይም ከወረኢሉ ሌሊት ተነስቶ ደሴ የደረሰ ሰው መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» ሲባል ይዘገንናል። ሰውዬው ሲስተም ፍለጋ አልመጣም። መረጃ ወይም መድኃኒት ወይም ብድር ነው የፈለገው። «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ የመጣው አሠራሩ ሲቀረፅ «ሲስተሙ ሲጠፋ ምን እናድርግ?» የሚል ሰው ስላልነበረ ነው።

ዴቨሎፐሩና የመስኮት ሠራተኞቹ አብረው የሚወስኑት ይኼን ነው። ቀድሞ የታተመ፣ ተከታታይ ቁጥር ያለው የወረቀት ቅጽ በየመስኮቱ ይኑር። ሲስተሙ ከጠፋ ከስንት ደቂቃ በኋላ ወደ ወረቀት ይገባ? በኔ ግምት 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ግን እናንተው ወስኑት። ሲመለስ ማን ያስገባዋል? እስከ መቼ? የወረቀቱና የሲስተሙ ቁጥር ቢለያይ የትኛው ይፀናል? ለዚህ የሚሆን ስክሪን ዴቨሎፐሩ ከመጀመሪያው ይሠራል፦ «በወረቀት የተሠራ፣ የወረቀቱ ቁጥር ይኼ፣ የተሠራበት ቀን ይኼ» የሚል። ያለዚህ ትላንት የተሠራው ሁሉ የዛሬ ቀን ይዞ ይገባል፣ ሂሳቡም ይዛባል።

መጠባበቂያ ቅጂም እንዲሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ኮምፒውተራቸውም መዝገባቸውም የጠፋባቸው ተቋማት ነበሩ። ቅጂው እዚያው ሰርቨሩ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ ቅጂ አይባልም። ማን፣ በስንት ቀን፣ ወዴት ከተማ ያስቀምጠዋል የሚለው የስም ዝርዝር ያለው ደንብ መሆን አለበት።

ስብሰባ ላይ ዴቨሎፐሮቹ ዝም ይላሉ። ምን እናድርግ?

ከባድ ነገር አይደለም፤ አክብሮት ነው። ዴቨሎፐሩ ብዙ ጊዜ በዕድሜ ትንሹ ነው። ጋሼ ከሚላቸው ኃላፊ ፊት «ይኼ አያስኬድም» ማለት ይከብደዋል። ኃላፊው መጀመሪያ ሐሳባቸውን ከተናገሩ ነገሩ አለቀ። ስለዚህ ታናሹ ይጀምር፣ ኃላፊው መጨረሻ ይናገሩ። ሽማግሌዎች ሲመክሩ ታናሹን ቀድመው የሚያናግሩበት ሥርዓት ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም።

ሌላው ዘዴ ንግግሩን ከሐሳብ ወደ ነገር ማውረድ ነው። በወረቀት ላይ በእጅ የተሳለ ስክሪን ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በጣቷ እየነካች «እዚህ ጋ ምን ልጫን?» ትበል። ስለ ወረቀቱ ሲወራ ማንም ማንንም አልተቃወመም፤ ሁሉም ይናገራል። የምስጋና ነገርም አለ። አንድ ዴቨሎፐር ያነሳው ሐሳብ ከተተገበረ በስሙ ይነገርለት። በሚቀጥለው ስብሰባ እሱ ብቻ ሳይሆን ጓደኛውም ይናገራል።

ሠራተኛው «ሲስተሙ እንጀራዬን ሊወስድ ነው» ብሎ ቢፈራስ?

ፍርሃቱን አትናቁት፤ አንዳንዴ እውነት ነው። ይኼ ጥያቄ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ክሪስተን ኒጎርድ የሚባል የኮምፒውተር ሳይንቲስት ከብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር አብሮ ሠራ። ይኼ ሰው ሲሙላ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከፈጠሩት ሁለቱ አንዱ ነው። ሥራው ሠራተኞቹ ኮምፒውተር ፋብሪካቸው ውስጥ ሲገባ ራሳቸው ተረድተው እንዲደራደሩ ማብቃት ነበር። ተጠቃሚውን ከቀራፂው እኩል የሚያስቀምጠው የስካንዲኔቪያ አካሄድ ከዚያ አደገ።

እኛ ጋ ሲመጣ፦ ዴቨሎፐሩ የኃላፊው ሰላይ ሆኖ እንዳይታይ ተጠንቀቁ። ከመጀመሩ በፊት ኃላፊው በሠራተኛው ፊት ይናገሩ። በዚህ ምክንያት የሚቀነስ ሰው አለ ወይስ የለም? ከሌለ ይባል፣ በደብዳቤም ይውጣ። ካለ ደግሞ ወዴት እንደሚዛወር አብሮ ይነገር። ይኼ ሳይመለስ ዴቨሎፐሩ የሚሰማው ሁሉ ግማሽ እውነት ነው። ማንም ሰው ራሱን የሚያባርር አሠራር በሙሉ ልቡ አያስረዳም።

ዴቨሎፐሩ ሕግን የሚነካ ነገር ልቀይር ቢልስ? እኛ መመሪያ አለን።

መመሪያ ይከበራል። ነገር ግን «መመሪያ ነው» ከሚባለው ውስጥ ብዙው መመሪያ አይደለም። የሥራውን ደረጃዎች ዘርዝሩና በየአንዳንዱ አጠገብ ከየት እንደመጣ ጻፉ። ከአዋጅ? ከውስጥ መመሪያ? ወይስ «ድሮም እንዲህ ነው»? ከአዋጅ የመጣውን ማንም አይነካም፤ የትርፍ ሰዓት ስሌቱ እንደዚያ ነው። የውስጥ መመሪያውን ማኔጅመንቱ ማሻሻል ይችላል። ሦስተኛው ላይ ዴቨሎፐሩ በነፃነት ይጠይቅ። አንድ ፎርም ላይ አምስት ፊርማ አለ እንበል። ከአምስቱ ምን ያህሉ አይቶ ነው የሚፈርመው? ቀሪው ከላይ ያለው ስለፈረመ ነው የሚፈርመው? ያ ከሆነ ፊርማው ጥበቃ አልሆነም፤ ኃላፊነትን መበተኛ ሆኗል።

የዴቨሎፐሮቹን የራሳቸውን የሥራ አካሄድ ማን ይወስን?

በዋናነት እነሱ። አጃይል የሚባለው፣ ሶፍትዌርን በትንሽ በትንሹ እየሠሩና እያስተካከሉ የመሄድ አካሄድ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 ዩታ ውስጥ 17 ሰዎች ተሰብስበው ያወጁት ነው። ከመርሆቹ አንዱ ቡድኑ በየጊዜው ቆም ብሎ ሥራውን እንዲገመግምና አካሄዱን እንዲያስተካክል ይጠይቃል። አንዳንድ ቦታ ግን ከዚህ የተወሰደው የየጠዋቱ ስብሰባ ብቻ ነው፤ እሱም ለኃላፊ ሪፖርት ማቅረቢያ ሆኗል። ስሙ አጃይል ይባል እንጂ መንፈሱ የለም።

እኛ ጋ የሚብሰው ችግር ግን ሌላ ነው። ዴቨሎፐሩ አይቲ ስለሆነ ፕሪንተር ሲበላሽ ይጠራል። ፕሮጀክተር ሲሰካ ይጠራል። ደብዳቤ ሲተየብ ሳይቀር ይጠራል። ኮድ የሚጻፈው በተከታታይ ሐሳብ ነው፤ በየ20 ደቂቃው የሚቋረጥ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢደክምም የሚታይ ነገር አያወጣም። ይኼን እነሱ ያውቁታል፤ መፍትሔውንም ጠይቋቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡት «በሳምንት አንዳችን ተረኛ እንሁን፣ ፕሪንተሩ ለተረኛው ይነገር፣ ቀሪዎቻችን አንነካ» የሚል ነው። ፍቀዱላቸው። ፈርሞ መግባትና መውጣት የድርጅቱ ደንብ ከሆነ ይቀጥል፤ በመሀል ያለውን ሰዓት ግን እነሱ ይደልድሉት።

ዴቨሎፐሩና የክፍል ኃላፊዋ ባይስማሙ የማን ቃል ይፀናል?

ደንቡን የምትወስነው የሥራው ባለቤት ናት። እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነው ዴቨሎፐሩ ነው። ብድር ለማን ይሰጥ የሚለው የብድር ክፍሉ ነው፤ መረጃው እንዴት ይቀመጥ የሚለው የዴቨሎፐሩ ነው። መሀል ላይ የሚነኩ ጉዳዮች ይኖራሉ። ለነሱ አንድ ስም ያለው ሰው አስቀድማችሁ ሰይሙ። ኮሚቴ አይሁን። ኮሚቴ ምልዓተ ጉባኤ እስኪሞላ ሥራው ይቆማል።

ዴቨሎፐሩ ሁለት መብት ይኑረው። አንደኛ፣ «በዚህ ቀን አይደርስም» ማለት። ሁለተኛ፣ ሰው ይጎዳል ያለውን ነገር ተቃውሞውን በጽሑፍ ማስቀመጥ። ተቃውሞው ተቀባይነት ባያገኝ እንኳ ከነምክንያቱ ይያዝ። ከዓመት በኋላ ነገሩ ሲነሳ ማን ምን አስቦ እንደነበር ይታወቃል።

ኃላፊው «ያለፈውን መዝገብ የማስተካክልበት ቁልፍ ለኔ ብቻ ይኑረኝ» ቢሉስ?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይኼ ነው። ብዙ ጊዜ በክፋት አይጠየቅም። ስህተት ይገባል፣ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ኃላፊው ይቸኩላሉ። ግን መዝገብን ያለ ምልክት የሚቀይር ቁልፍ ከተሠራ በኋላ የሲስተሙ ቁጥር በሙሉ ይጠረጠራል። ኦዲተሩም አያምነውም። ወጣቱ ዴቨሎፐር ደግሞ እምቢ ለማለት አቅም የለውም፤ እንጀራው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ሳይመጣ፣ አሠራሩ ገና ሲቀረፅ ተወስኖ ይለቅ። በሂሳብ ሥራ ድሮም የነበረ መንገድ አለ። የተሳሳተው አይፋቅም፤ ማስተካከያ በሌላ መስመር ይመዘገባል፣ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደሆነ ይጻፋል። የሚያስተካክለውና የሚያፀድቀው ሁለት ሰው ይሁኑ። ይኼ ማኔጅመንቱ የፈረመበት ደንብ ከሆነ ዴቨሎፐሩ «እምቢ» ማለት አይጠበቅበትም፤ «ደንቡ አይፈቅድም» ይላል። ኃላፊውንም ያድናቸዋል። ነገ ሌላ ሰው ያጠፋው በሳቸው ስም አይወራም።

ይኼን ሁሉ አሳትፈነው ዴቨሎፐሩ ለቆ ቢሄድስ?

ይሄዳል። የተሻለ ደሞዝ ካገኘ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ደሴ ቁጭ ብሎም ለውጭ ድርጅት ሊሠራ ይችላል። ይኼ ላለማሳተፍ ምክንያት አይሆንም። ያልተሳተፈም ይሄዳል፤ እሱ ሲሄድ ደግሞ የቀረው ኮድ ለምን እንዲህ እንደተጻፈ የሚያውቅ አይኖርም። አሳትፋችሁት ከነበረ ምክንያቱን የካርድ ክፍሏም፣ የግምጃ ቤት ኃላፊውም ያውቁታል።

የተቀረው ቶሎ የሚሠራ ነገር ነው። ኮዱ በድርጅቱ አካውንት ላይ ይቀመጥ፤ በዴቨሎፐሩ የግል ኢሜይል አይከፈት። የሰርቨሩ የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይኑር፣ በተቀየረ ቁጥር ፖስታውም ይቀየር። ውሳኔዎች የሚጻፉበት አንድ መዝገብ ይኑር፦ ቀን፣ ጥያቄው፣ የተወሰነው፣ ምክንያቱ፣ የነበሩት ሰዎች። ተተኪው ሲመጣ መጀመሪያ ኮዱን አትስጡት። መዝገቡን ያንብብ፣ ከዚያ እሱም አንድ የሥራ ሳምንት ካርድ ክፍል ወይም ግምጃ ቤት ይቀመጥ። የሚለቀው ዴቨሎፐር ገና ካልሄደ አብረው ይቀመጡ።